የማላከብረው በዓል

በኢድ ጧት ለሙስሊም ጎረቤቴ «እንኳን አደረሰህ» እለዋለሁ፤ እሱም በፋሲካ ጧት እንዲሁ ይለኛል። ስንለው አፋችን አይያዝም። ቆም ብሎ ላሰበው ግን ነገሩ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ኢድ አል ፈጥር የረመዳን ጾም የሚፈታበት ቀን ነው፤ እኔ ረመዳንን አልጾምሁም፣ ወሩ የተቀደሰበትንም ምክንያት አልቀበልም። ፋሲካ የክርስቶስ ትንሣኤ ነው፤ ጎረቤቴ ትንሣኤውን ቀርቶ ስቅለቱንም አይቀበል። ታዲያ እኔ በማላምንበት ለእሱ፣ እሱ በማያምንበት ለእኔ ደስታ ስንመኝ ምን ማድረጋችን ነው? እየተሸነጋገልን ይሆን?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉ፤ ሁለቱም አያጠግቡኝም። አንደኛው «ተቻችለን ስለምንኖር ነዋ!» የሚል ነው። ሰው የሚችለው የሚከብደውን ነገር ነው፤ የጎረቤቴ ኢድ ከብዶኝ አያውቅም፣ እንዲያውም ቡናው ላይ ቀድሜ የምገኘው እኔ ነኝ። ሁለተኛው መልስ የጥብቆቹ ነው፦ በማታምንበት በዓል እንኳን አደረሰህ ማለት ግብዝነት ነው ይላሉ። ይህኛው ቢያንስ ጥያቄውን ከቁም ነገር ቆጥሮታል። የመጀመሪያዎቹን ሙስሊም ስደተኞች የተቀበለውን የንጉሥ ነጃሺን እንግዳ ተቀባይነት አንሥቶ ጥያቄውን በታሪክ ማለዘብ ሦስተኛ ልማድ ሆኗል፤ ታሪኩ ትልቅ ነው፣ ለዚህኛው ጥያቄ ግን መልስ ስለማይሆን እዘለዋለሁ።

ግብዝነትን ካነሣን አይቀር ፈላስፋውን ዘርዐ ያዕቆብን ሳያነሡ ማለፍ ያስቸግራል። በስሙ የሚጠራውን «ሐተታ» የተባለ መጽሐፍ አንድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን አክሱማዊ ሊቅ ጻፈው የሚሉና የለም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሀገራችን የመጣው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ፈጠረው የሚሉ ሊቃውንት እስካሁን እንደተከራከሩ ናቸው። ማንም ይጻፈው፣ በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያምናል። ከሰው ጋር ሲኖር ክርስቲያን መስሎ ይታይ ነበር፤ በልቡ ግን ከፈጣሪ በቀር ሌላ አያምንም ነበር። ሁሉም «የእኔ ሃይማኖት ልክ ነው» በሚልበት ዘመን ዝምታን መረጠ። ፈርቶ ነው፤ በዘመኑ ሰው ስለ ሃይማኖቱ ይገደል ነበርና አልፈርድበትም።

የእኔና የጎረቤቴ ነገር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ልዩነቱን ደበቀ፤ እኛ ልዩነታችን የታወቀ በመሆኑ ነው ሰላምታችን ትርጉም የሚያገኘው። እንኳን አደረሰህ ስለው እሰልማለሁ ብሎ አይጠብቅም። ክርስቲያን መሆኔን ስለሚያውቅ ነው ቃሉ ከወንድሙ ከሚሰማው ቃል የሚለይበት። የተታለለ ሰው በሌለበት ሽንገላ የለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን መመረቅን፣ ማመስገንን፣ እንኳን ደስ ያለህ ማለትን እውነት ወይም ሐሰት ከማይባሉት ንግግሮች መድቧቸዋል፤ የሚሠሩት ሥራ አለ፣ የሚመዘኑትም በዚያው ነው። እንኳን አደረሰህ የሚሠራው ሥራ ምንድነው ቢባል፣ እኔ ቀንህን አውቃለሁ ማለት ነው እላለሁ። ስለ እምነቱ እውነትነት አንድም ቃል አይመሰክርም። ዛሬ ለአንተ እንደ ትናንት አይደለም፣ ይህን ሳላውቅ በደጅህ አላለፍሁም ነው የሚለው።

ይህ ሥራ በሀገራችን ከሌላው ዓለም ይልቅ ለምን እንደከበደ የሚገባን ወደ ጓዳ ስንገባ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይህ ደንብ በየትኛውም አዋጅ አልተጻፈም፤ ከተጻፉት ብዙ ሕጎች ይልቅ ግን ተከብሮ ኖሯል። በሬው የመጣው ከአንድ ገበያ ነው፣ የበላውም ያንኑ ድርቆሽ ነው፤ አራጁ «በስመ አብ» ካለ ሥጋው የክርስቲያን፣ «ቢስሚላህ» ካለ የእስላም ይሆናል። የልኳንዳ ቤቶችን በር ያየ ያውቀዋል፤ መስቀል የተሳለበት አለ፣ ጨረቃና ኮከብ የተሳለበት አለ። አብረው ዕቁብ የሚጥሉ፣ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ ሰዎች ቅርጫ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። በኮንዶሚኒየሙ ግቢ የጋራ ማረጃው አንድ ነው፤ ተራው ግን በበዓሉ ይለያል።

ይህን የሚሰማ የውጭ ሰው የጥል ምልክት ሊመስለው ይችላል። በብዙ ሀገር መታረቅና መዋደድ በማዕድ ይገለጣልና፣ ማዕዱ ከተለየ ፍቅሩም የተለየ ይመስላል። እዚህ ግን ማዕዱ መለየቱን ሁለቱም ወገን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ስለተቀበሉት ማንም አይከፋበትም፤ የሚያስከፋው ሌላ ነው። ሙስሊሟ ጎረቤት ዶሮ ወጡ ስላልተላከላት አትቀየምም። እንኳን አደረሳችሁ ሳትባል ኢዷ ካለፈ ግን ታስበዋለች። ሥጋ የማያልፍበት በር አለ፤ በዚያ በር የሚያልፈው ቃል ነው፣ ከቃሉም ጋር ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻና ቡና። ሰላምታው ሌላ ቦታ በጋራ ማዕድ ላይ የሚነሰነስ ጌጥ ቢሆን፣ እዚህ የማዕዱን ፋንታ ራሱ ይሸከማል።

ከዚህ የተነሣ የበዓል ጉርብትና ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ። ድግሱ ሰፋ ያለ እንደሆነ ለሌላኛው ወገን እንግዶች በግ ለብቻው ይገዛል፤ የሚያርደው ከእነሱ አንዱ ነው፣ የሚሠራውም በሌላ ድስት ነው፣ ብዙ ጊዜም በእነሱው ሴቶች እጅ። በወሎ፣ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት በሚገኝበት፣ ይህ ሥርዓት ለልጆች ሳይነገራቸው የሚያውቁት ነገር ነው። የጾሙ ሒሳብ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይረቅቃል። የሂጅራ ዓመት ከእኛው ስለሚያጥር ኢድ በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ ፋሲካ በበኩሉ በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ይመላለሳል። በ2015 ፋሲካ ሚያዝያ 8 ውሎ ኢድ በአምስተኛው ቀን ተከተለው። በ2017 ግን ኢድ አል ፈጥር መጋቢት 21 ስለዋለ ክርስቲያኑ ገና ዐቢይ ጾም ላይ ነበር። ሙስሊሟ እመቤት የመጀመሪያውን የፍስክ ቀኗን እያከበረች ለጿሚ ጎረቤቷ ሽሮና አትክልት ለይታ ትሠራለች። የራሷ ጾም ትናንት ተፈቶ ዛሬ የሌላውን ጾም ትቆጥራለች።

መልሱንም ልብ ይሏል። ለእንኳን አደረሳችሁ የሚሰጠው መልስ «አመሰግናለሁ» አይደለም፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። የበዓሉ ባለቤት የመልካም ምኞቱን ግማሽ ለመራቂው ይመልስለታል። ለመጣው ክርስቲያን በዓሉ ያንተም ነው አይለውም፤ ባይሆን እዚህ ቀን ላይ በሕይወት የደረስነው አብረን ነው ይለዋል። ዶግማው እንደተለየ ይቀራል፣ ዕድሜ ግን የጋራ ይሆናል። የሃይማኖት ሊቃውንት ተሰብስበው ቢመክሩበት ከዚህ የተሻለ መውጫ የሚያገኙ አይመስለኝም።

እስካሁን ያልሁት ግን ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የሚገናኙ ሁለት ሰዎችን ያስመስላል። ሜዳው ለጥ ያለ አይደለም። ቀንህን አውቃለሁ ካልን፣ የሚያውቀው ማነው፣ ምን ያህልስ ደክሞ ነው ያወቀው የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሙስሊሙ ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 መሆኑን ለማወቅ ምንም አልደከመም። ታቦቱ በበሩ ያልፋል፣ ድምፅ ማጉያው ሌሊቱን በመስኮቱ ይገባል፣ የቀን መቁጠሪያው ራሱ በክርስትና የተቀመረ ነው። ክርስቲያኑ ግን «ኢዱ ነገ ነው ከነገ ወዲያ?» ይላል። ለዚህኛው ጥያቄ ጨረቃዋ ተጠያቂ ናት፤ ሙስሊሙም ራሱ እስከ ማታ በእርግጠኝነት አያውቀውም። «ይሄኛው ትንሹ ነው ትልቁ?» የሚለውን ግን በጨረቃ ማመካኘት አይቻልም። አርባ ዓመት አብሮ ኖሮ ዐረፋንና ፈጥርን የማይለይ ክርስቲያን ብዙ ነው። ፋሲካንና ገናን የማይለይ ሙስሊም እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህ መዛነፍ ከሰማይ አልወረደም። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር፤ ኢድ በቀን መቁጠሪያው ላይ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 እጅግ ብዙ ሙስሊሞች፣ ከእነሱም ጋር ክርስቲያኖች፣ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓሎቻችን የሕዝብ በዓል ይሁኑ የሚል ነበር። ሌላው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባላችን ይቅር፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን የሚል ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ነጣጥሎ ማየት የሚቻል አይመስለኝም። ቀኑ የማይታወቅለት ሰው ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ይቆጠራል፤ እንግዳ ደግሞ የአስተናጋጁን በዓል ያከብራል እንጂ የራሱ አይጠየቅም። ሦስቱ በዓላት፣ ኢድ አል ፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ፣ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1967 የሕዝብ በዓል ሆኑ። ኋላ ማርክሲዝምን መመሪያዬ ያለው መንግሥት ለሃይማኖት በዓላት እውቅና ሰጪ መሆኑ ከታሪክ ቀልዶች አንዱ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክሱ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊሙ 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቱ ከ18 በመቶ በላይ ነበር። በዚህ ቁጥር ላይ ቆሞ የአንዱን ብቻ «በዓል»፣ የሌላውን «የእነሱ በዓል» ማለት የልማድ ጉልበት እንጂ የሒሳብ ውጤት አይደለም።

የሚዛኑን ሌላ ጫፍ ማየት የፈለገ በሪያድ ወይም በዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ ክርስቲያን ኢትዮጵያዊትን ያስብ። የቤቱን ኢድ፣ የሚሠራውን ጣፋጭ፣ የሚመጣውን ዘመድ ሁሉ ታውቃለች። ታኅሣሥ 29 ግን በዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቀው ስልኳ ብቻ ነው። እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤሎች በዓላቸውን ስግድን ይዘው ሲሄዱ አይሁድ ወንድሞቻቸው እንኳ አያውቁትም ነበር፤ በክነሴት ሕግ ብሔራዊ በዓል የሆነው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ስግድ ምን እንደሆነ ማስረዳት የባለ በዓሉ ዕዳ ነበር። የራስን በዓል ለማክበር አስቀድሞ ማስረዳት አድካሚ ነገር ነው፤ አብላጫው ይህን ድካም ስለማያውቀው የሚያየው አይመስልም።

አሜሪካኖች ለዚሁ ጉዳይ ሌላ መላ መትተዋል። በታኅሣሥ «ሜሪ ክሪስማስ» ማለት ክርስቲያን ያልሆነውን ይገፋል ያሉ፣ የማንንም በዓል ሳይጠሩ «ሃፒ ሆሊደይስ» ማለትን መረጡ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቴሌቪዥን «በገና ላይ ጦርነት ተከፈተ» የሚል ጩኸት በየዓመቱ ይነሣል፤ ዶናልድ ትራምፕም «ሜሪ ክሪስማስ ዳግም እንላለን» የሚለውን የምርጫ ቅስቀሳቸው አካል አድርገውት ነበር። የተረሳው ግን በዚያ ምድር ገናን ከሁሉ በፊት የከለከሉት ጥብቅ ክርስቲያኖች መሆናቸው ነው። የማሳቹሴትስ ፒዩሪታኖች በ1659 እ.ኤ.አ. ገናን ያከበረ አምስት ሽልንግ ይቀጣ ብለው ደነገጉ፤ ሕጉ የተሻረው በ1681 ነው። ገና የፌዴራል በዓል የሆነውም በ1870 ነው። ሌላም የምወደው ነገር አለ፤ «ዋይት ክሪስማስ» የተባለውን ዝነኛ የገና ዘፈንና «ሃፒ ሆሊደይ» የተባለውን ዘፈን የደረሰው አንድ ሰው ነው፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ለወጣ አንድ ፊልም ነው። ሰውየው ኢርቪንግ በርሊን ከሩሲያ የተሰደደ አይሁዳዊ ነው። የሚከራከሩት ሁለት ወገኖች ባንዲራ አድርገው የሚይዟቸው ሁለት ሰላምታዎች ከአንድ ብዕር ወጥተው ተዘፍነዋል።

«ሃፒ ሆሊደይስ»ን እንደ ፍርሃት የሚቆጥሩት ሰዎች የተሳሳቱ ይመስለኛል። የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋ ፊቷ የቆመውን ሰው አታውቀውም። የማያውቁትን ሰው ቀን እንደሚያውቁ መምሰል ነው ግምት ወይም ድፍረት የሚባለው፤ አለማወቅን ሳይደብቁ መልካም መመኘት ሐቀኝነት ነው። ስም የለሽ ሰላምታ ለእንግዳ ሰው የተሠራ ሰላምታ ነው፣ በከተማ ደግሞ አብዛኛው ሰው ለአብዛኛው ሰው እንግዳ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለእንግዳ የተሠራው ሰላምታ ለሚያውቁት ሰው ሲውል ነው። አብሮት አሥር ዓመት የሠራው ባልደረባው አይሁዳዊ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በአይሁድ ታላላቅ በዓላት በሮሽ ሃሻናና በዮም ኪፑር ዝም ብሎ ይሰነብትና ታኅሣሥ ላይ «ሃፒ ሆሊደይስ» ይለዋል። ለጋስነት ያሳየ ይመስለዋል። ያደረገው ግን ባልደረባውን ስሙ በተፋቀ የገና በዓል ላይ መጋበዝ ነው። በአይሁድ ዘንድ ትልቅ ካልሆኑት በዓላት አንዱ የሆነው ሃኑካ አሜሪካ ውስጥ እንዲያ የገነነው ከገና አጠገብ ስለዋለ አይደለምን? ወቅቱን የመረጠው ያው አብላጫው ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ከሁለቱም በኩል ይቀምሱታል። ዴሴምበር 25 ላይ ክርስቲያን መሆናቸውን ያወቀ ጎረቤት ከልቡ «ሜሪ ክሪስማስ» ይላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ያን ቀን ገና የነቢያትን ጾም እየጾሙ ነው። ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ዛፉ ከየመንገዱ ዳር ለቆሻሻ መኪና ወጥቶ፣ ሁሉም ወደ ሥራው ተመልሶ፣ ፈቃድ መጠየቅ የእነሱ ፋንታ ይሆናል። በአንድ ሃይማኖት ስም የተሰጣቸው ሰላምታም ቢሆን ቀናቸውን ስቶታል።

ወደ እኛው ስንመለስ፣ ስም የለሽ በዓል አለን ብለን የምንመካበት እንቁጣጣሽ ነው። የሁሉም ነው እንላለን፤ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም የማያምነውም አዲስ ዓመት አለው። እውነት ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ዮሐንስ ነው፣ በብዙ ቤትም በዚሁ ስም ይጠራል። በቴሌቪዥን የሚቀርበው ሰው በ2018 ዋዜማ «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ» ሲል አራቱን ወንጌላውያን በዘመን ላይ ተራ ያስገባቸውን የቤተ ክርስቲያን ቀመር እያወጀ ነው። ዓለማዊ የምንለው በዓል ሲፋቅ ሥሩ ሃይማኖት ይወጣዋል። ደርግ ይህን የተረዳ ይመስላል፤ ከእንቁጣጣሽ ማግሥት መስከረም 2 የዋለውን የአብዮቱን ቀን ታሪክ ቢሰጠውም በደንብ ተጠቀመበት። መስቀል አደባባይን አብዮት አደባባይ አለ፣ ሰውን ሁሉ ጓድ አለ፣ በየደብዳቤው ግርጌ «ኢትዮጵያ ትቅደም» አስጻፈ። ከላይ የወረደ ሰላምታ ነበርና ከላይ ያሉት ሲሄዱ አብሮ ሄደ። «ጓድ» የሚለውን ዛሬ የሚሰማ የሚስቅበት ነው።

ሌላው ከሃይማኖት መሸሻችን «ባህል ነው» የሚለው ነው። የሲዳማ ፊቼ ጫምባላላ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚያነቡ አያንቶ የሚባሉ አዋቂ ሽማግሌዎች ናቸው። ብዙው ሲዳማ ዛሬ ፕሮቴስታንት ነው፤ «አይዴ ጫምባላላ» ሲል ባህሉን እያከበረ ነው፣ እንዲህ ማለቱም ያሳርፈዋል። ኢሬቻም ላይ ያው ክርክር አለ፤ ለዋቄፈታው ለዋቃ ምስጋና የሚቀርብበት፣ ለሌላው የኦሮሞ ባህል። ደመራም ቢሆን በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ባህል ብሎ መጥራት በሩን ያሰፋል፣ ሁሉም ይገባል። የሚያሳስበኝ ግን የሚያምንበት ሰው ነው፤ ጸሎቱን እያደረሰ ሳለ ከጎኑ የቆመው «እንዴት ደስ የሚል ባህል!» ሲለው ምን ይሰማዋል? እኔ በጥምቀት ዕለት ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ቆሜ እንዲህ ያለኝ ጎብኚ አለ። ምስጋናው ቅን ነበር፣ ያመሰገነው ግን ሌላ ነገር ነበር።

በመገናኛ ብዙኃን የተለመደው ቃል ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፦ «ለመላው የእስልምና እምነት ተከታዮች እንኳን ለ1444ኛው የኢድ አል ፈጥር በዓል በሰላም አደረሳችሁ።» የበዓሉን ስም ይጠራል፣ ባለቤቱንም ይጠራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ ለተለየ መንግሥት ይህ አነጋገር መልካም ነው፣ የእኔ ነው ሳይል ያውቀዋል። ለጎረቤት ግን ይከብዳል። አሁን አሁን በኮንዶሚኒየሙ የቴሌግራም ቡድን ይኸው ቃል፣ ከወርቃማ ጨረቃና ከአበባ ሥዕል ጋር፣ ባንክ ከላከው ምስል ተቀድቶ ይለጠፋል። ሁለት ፎቅ በላይ ለሚኖር ሰው «ለመላው የእስልምና እምነት ተከታዮች» ማለት ምን ማለት ነው? ደረጃውን ወጥቶ በሩን ማንኳኳት ነበር የሚበቃው። እንግዳ ለበዛበት ከተማ የእንግዳ ሰላምታ ያስፈልገናል፣ ይህን አልቃወምም። ግን ለሚያውቀውም ለማያውቀውም አንድ ምስል የሚልክ ሰው አልደከመም፤ ያልደከሙበት ቃል ደግሞ ቀንህን አውቃለሁ የሚለውን መሸከም አይችልም።

በሌላ በኩል ጭራሽ እንኳን አደረሰህ አልልም የሚልም አለ። የእስልምና ሊቁ ኢብኑል ቀይም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊም ለሌላ እምነት በዓል የደስታ መግለጫ እንዳይሰጥ አጥብቀው ጽፈዋል፤ በዘመናችን እንደ ዩሱፍ አል ቀረዳዊ ያሉት ሊቅ ደግሞ በሰላም ለሚኖር ጎረቤት ይፈቀዳል ብለዋል። በክርስቲያኑም ወገን ቢሆን ይህን የሚከለክሉ አስተማሪዎች አይጠፉም። የይሖዋ ምሥክሮች የገናን የፋሲካንም ሰላምታ አይሰጡም። ብዙ ሰው በእነዚህ ይቆጣል፤ በእኔ ግምት ግን ቃልን ከሁላችንም በላይ ያከበሩት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሰላምታ የእምነት ምስክርነት ነው ብለው ያምናሉ፤ አይደለም ብዬ እከራከራቸዋለሁ፣ ቃሉን ግን ካፋቸው በግድ አላስወጣም። ለፋሲካዬ ዝም ብሎ ለቅሶዬ ላይ ሦስት ቀን አብሮኝ የተቀመጠ ጎረቤት ቀኔን አላወቀም ልል አልችልም።

እዚህ ላይ የራሴ ሐሳብ ወጥመድ ውስጥ ይከተኛል። ስሙን ጠርተህ ተመኝለት ብያለሁ፤ የትኛውን ስም? ሃይማኖት አንድ ነገር ነው፣ ሰውየው ሌላ ነው። መውሊድን ቢድዓ፣ በሃይማኖቱ ያልነበረ ፈጠራ ነው ብሎ የማያከብር ሙስሊም አለ፤ «እንኳን ለመውሊድ አደረሰህ» ስለው በወንድሞቹ መካከል ያለውን ክርክር ሳላውቅ ወገን እየያዝሁ ነው። ፕሮቴስታንቱም በጥምቀት ዕለት ታቦት አይከተልም፤ ክርስቲያን ነው ብዬ ጥምቀትን የምመኝለት ከሆነ አሜሪካዊው ጎረቤት ዴሴምበር 25 ላይ የሠራውን ሥራ ሠራሁ። የሃይማኖቱን ስም ማወቅ አይበቃም፤ ሰውየው በሃይማኖቱ ውስጥ የት እንደቆመ ማወቅ ይጠይቃል፣ ይህን የሚያሳውቅ የቀን መቁጠሪያ ደግሞ የለም። መጠየቅ ነው ያለው። መጠየቅ ያሳፍራል፤ አርባ ዓመት አብሮ ኖሮ «አንተ መውሊድ ታከብራለህ?» ማለት። ቢሆንም እጠይቃለሁ፤ እስካሁን የተቀየመኝ የለም፣ አንዱ እንዲያውም ለማስረዳት ሁለት ስኒ ቡና አስጨረሰኝ።

በ2016 መውሊድና ደመራ በአንድ ቀን፣ መስከረም 16 ላይ ገጠሙ። እስኪ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲ ሰልፍ ላይ የተገናኙ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎችን እንገምት። አንዱ መውሊድ የማያከብር ሙስሊም፣ ሌላው ደመራ የማይወጣ ፕሮቴስታንት ነው። ግማሹ ከተማ ነጭ ለብሶ ወደ መስቀል አደባባይ ይጎርፋል፣ ከመስጊዱ የመንዙማ ድምፅ ይሰማል፣ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ሁለቱም የሌላው በዓል መስሎት እንኳን አደረሰህ ሊል አፉን ይከፍትና ይተወዋል። ከዚያ አንደኛው «መንገዱን ዘግተውታል መሰለኝ፣ ታክሲ የሚመጣ አይመስልም» ይላል። ሌላው «በእግር እንሂዳ» ይለዋል፣ ቤታቸው በአንድ አቅጣጫ ነው።